ማሽኑ የት እንዳለ አያውቅም

የወፏ ክንፍ ከሰውነቷ ተላቆ ወደ ቀኝ ሸሽቷል። ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል። ማስመሪያ ላይ ስታዩት ሦስት ሚሊ ሜትር ምንም አይደለም። የተቀረጸ እንጨት ላይ ግን በጣም ብዙ ነው። ላባዎቹ መሀል ላይ ተቆርጠዋል። ቀሪው ግማሽ ሌላ ቦታ ላይ ይቀጥላል።

ጣውላው ለእህቴ ልጅ አልጋ ራስጌ ነበር። ሥዕሉን ራሴ ነው የሣልኩት። ቅርንጫፍ ላይ የተቀመጠች ወፍ ናት፤ አንድ ክንፏን ዘርግታለች። እንጨቱን ለመምረጥ ብዙ ቀን ፈጅቶብኛል። የሚቀርጸው ሲኤንሲ የሚባል ማሽኔ ነው፤ ከጀመረ ሦስት ሰዓት አልፎ ነበር። እኔም በየጊዜው እየተነሳሁ አየዋለሁ። አንዴ ሳየው ደህና ነበር። በሚቀጥለው ጊዜ ክንፉ ሄዷል።

ከሁሉ ይበልጥ ያስደነገጠኝ የማሽኑ ዝምታ ነው። ድምፁ አልተለወጠም። ስክሪኑ ላይ ምንም የስህተት መልእክት የለም። ቁጥሮቹ ሁሉ ትክክል ናቸው። ማሽኑ ወፏን በትክክል እየቀረጽኩ ነው ብሎ አምኖ፣ የተበላሸችውን ወፍ መቅረጹን ቀጥሏል።

ይህን ብልሽት ፈልጌ ለማግኘት አምስት ሳምንት ፈጀብኝ። ቀን ሥራ ስላለብኝ ማታና ቅዳሜና እሁድ ነበር የምሠራው። የተማርኩትን ሌላ ሰውም እንዲጠቀምበት ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ሲኤንሲ ለማታውቁ በአጭሩ ልንገራችሁ። በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚንቀሳቀስ መቅረጫ ነው። በፍጥነት የሚሽከረከር ሞተር ጫፉ ላይ ፑንታ ይይዛል። ይህ ሞተር በሦስት አቅጣጫ ይሄዳል፦ ግራና ቀኝ፣ ፊትና ኋላ፣ ላይና ታች። ኤክስ፣ ዋይ እና ዜድ ይባላሉ። የት መሄድ እንዳለበት የሚነግረው ጂ-ኮድ የሚባል ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። በእያንዳንዱ መስመር ላይ “እዚህ ነጥብ ድረስ፣ በዚህ ፍጥነት ሂድ” የሚል ትእዛዝ አለ። የእኔ ወፍ ፋይል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር መስመር ነበረው።

የእኔው ማሽን ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ነው። አንጎሉ አርዱዪኖ የምትባል አንዲት ትንሽ የኮምፒውተር ቦርድ ናት። የሥራ ማህደረ ትውስታዋ 2 ኪሎባይት ብቻ ነው። ላይዋ ላይ የሚሠራው ፕሮግራም ግርብል ይባላል። ሲመን ስቫሌ ስኮግስሩድ የተባለ ኖርዌያዊ እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው ነፃ ፕሮግራም ነው። በዚያች ጠባብ ቦታ ውስጥ ሦስት ሞተር በአንድ ላይ አስማምቶ ያንቀሳቅሳል። እስከ አሁን ሳስበው ይገርመኛል። ብዙዎቻችን በቤታችን እንጨት መቅረጽ የቻልነው እንዲህ ያሉ ሰዎች ሥራቸውን በነፃ ስለሰጡን ነው።

ሞተሮቹ ስቴፐር ሞተር ይባላሉ። እንደ ተራ ሞተር ዝም ብለው አይሽከረከሩም። በእርምጃ ነው የሚሄዱት። አንድ ሙሉ ዙር 200 እርምጃ ነው። ድራይቨር የምንለው ትንሽ ሰሌዳ ደግሞ እያንዳንዱን እርምጃ ለስምንት ይከፍለዋል። ለእያንዳንዷ ትንሽ እርምጃ ቦርዱ አንድ የኤሌክትሪክ ምት ይልካል። ስለዚህ አንድ ዙር 1600 ምት ይሆናል። ሞተሩ የሚያዞረው ረጅም ባለጥርስ ዘንግ በአንድ ዙር ተሸካሚውን፣ ማለትም መቅረጫውን ይዞ የሚሄደውን ክፍል፣ 8 ሚሊ ሜትር ይገፋዋል። 1600ን ለ8 ስታካፍሉት 200 ይመጣል። ለአንድ ሚሊ ሜትር 200 ምት ማለት ነው። ተሸካሚውን 400 ሚሊ ሜትር ለማስኬድ ቦርዱ 80,000 ምት ይልካል።

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ቦርዱ ምት ይልካል፤ የላከውንም ይቆጥራል። አይለካም። ሞተሩ መዞር አለመዞሩን የሚያይበት ዓይን የለውም። ደብዳቤ የላከ ሰው ተቀባዩን ሳይጠይቅ “ደርሷል” ብሎ መዝገብ ላይ እንደሚጽፈው ነው። ስክሪኑ ላይ “ኤክስ 212.5” የሚል ቁጥር ስታዩ፣ ተሸካሚው 212.5 ላይ አለ ማለት አይደለም። እዚያ እንዲሄድ ታዟል ማለት ነው። መንገድ ላይ አንድ ነገር ከተንሸራተተ ማሽኑ አያውቅም። ከዚያ በኋላ የሚሠራው ሁሉ በዚያው ልክ ይሳሳታል።

ደግሞ ከጥንት ጀምሮ እንዲህ አልነበረም። በቁጥር የሚታዘዘው የመጀመሪያው ፍሬዛ (ብረት መቅረጫ) ማሽን እ.ኤ.አ. በ1952 በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ፣ በሰርቮሜካኒዝም ላቦራቶሪ ለሕዝብ ታየ። ሐሳቡን ያመጣው ጆን ፓርሰንስ ነበር። የሄሊኮፕተር ክንፍ ቅርጽ በትክክል የሚወጣበትን መንገድ ይፈልግ ነበር። ያ ማሽን ትእዛዙን የሚያነበው ከተበሳሳ ቴፕ ላይ ነው፤ ነገር ግን ቦታውን እየለካ ያስተካክል ነበር። የእኛ ትናንሽ ማሽኖች ያንን መለኪያ ትተውታል። ያለእሱም አብዛኛውን ጊዜ በደንብ ይሠራሉ። ችግሩ የሚመጣው መሥራት ያቆሙ ቀን ነው።

ይህን ሁሉ በቃል አውቀው ነበር። ማወቁ ግን አልጠቀመኝም። ስክሪኑን አመንኩት።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ፋይሉን ነው። ጂ-ኮዱን ከፍቼ ክንፉ የሚጀምርበትን ቦታ ፈለግሁ። መስመር በመስመር አነበብኩት። በኮምፒውተር ማሳያ ላይ አስኬድኩት፤ ወፏ ሙሉ ሆና ወጣች። ቀጥሎ የዩኤስቢ ገመዱን ጠረጠርኩ። የመቅረጫው ሞተር ሲሽከረከር የኤሌክትሪክ ረብሻ ይፈጥራል። የአቧራ መምጠጫው ፕላስቲክ ቱቦም የማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል፤ ሲፈነዳ ቦርዱን ሊያቋርጠው ይችላል። እንዲህ ዓይነቱ ነገር በርግጥ ያጋጥማል። ግን ሲያጋጥም ማሽኑ ይቆማል። የእኔ አልቆመም። ይህንን ልዩነት ያኔውኑ ማስተዋል ነበረብኝ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ነገር ሁለት ሳምንት አስከፈለኝ። አንድ ቅዳሜ ማታ ተናድጄ ቁጭ አልኩና ሁሉንም በአንድ ጊዜ ነካካሁት። የዩኤስቢ ገመዱን በአጭር ቀየርኩ። ፍጥነቱን በግማሽ ቀነስኩ። ወደ ሞተሩ የሚሄደውን አምፔር ከፍ አደረግሁ። ዘንጉን አጽድቼ ቅባት ቀባሁት። ማሽኑ ሁለት ቀን በሰላም ሠራ። ሦስተኛው ቀን ላይ ቅርጹ እንደገና ተንሸራተተ። አሁን ደግሞ አራት ነገር ተለውጧል። የትኛው ሁለቱን ቀን እንዳስገኘልኝ፣ ወይም ሁለቱ ቀን በአጋጣሚ መሆን አለመሆኑን የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም።

በዚያው ሳምንት አንድ ድራይቨርም አቃጠልኩ። የኤክስን ሞተር ሶኬት የነቀልኩት ማሽኑ ኤሌክትሪክ ላይ እንዳለ ነው። ሞተር ኤሌክትሪክ ላይ እያለ ሲነቀል በሞተሩ የሽቦ ጥቅልሎች ውስጥ ያለው ኃይል መውጫ ሲያጣ ቮልቴጁ በድንገት ይዘልላል። ድራይቨሩ ያንን አይችልም። ጭስም ድምፅም አልነበረም። ሞተሩ ብቻ ዝም አለ። እባካችሁ ሶኬት ከመንካታችሁ በፊት ኤሌክትሪኩን አጥፉ፤ ከዚያ ጥቂት ጠብቁ። ይህንን ከልቤ ነው የምለው፤ ምክንያቱም አዲሱን ድራይቨር ከገጠምኩ በኋላ የድሮው ብልሽት ይሁን አዲስ የፈጠርኩት መለየት አቃተኝ።

አንዲት ጓደኛዬ የሕክምና መሣሪያ ትጠግናለች። ደውዬ አለቀስኩባት ማለት ይቻላል። ዝም ብላ አዳመጠችኝና “ስንት ጊዜ ለካሽው?” አለችኝ።

“ምኑን?”

“መንሸራተቱን። በየትኛው አቅጣጫ፣ በስንት፣ የት ቦታ ላይ፣ ከስንት ደቂቃ በኋላ?”

አልለካሁም ነበር። የተበላሸውን ጣውላ እያየሁ ማዘን እንጂ፣ መለካት ትዝ አላለኝም።

“እንግዲያው ጥገና አልጀመርሽም” አለችኝ። “ሁሉንም ወደነበረበት መልሺው። ከዚያ ለኪ። አንድ ጥያቄ ጠይቂው፤ አንድ መልስ ተቀበይው።”

ሁሉንም ወደነበረበት መለስኩት። ፍጥነቱን፣ አምፔሩን፣ ገመዱን ሳይቀር። ይህ ቀላል አልነበረም። ያሻሻልኩት የመሰለኝን ነገር ማፍረስ ነበር።

ከዚያ ከተበላሸው ጣውላ ጀመርኩ። ካሊፐር በሚባለው ጥቃቅን ርቀት መለኪያ ሳየው ብዙ ነገር ነገረኝ። ጥልቀቱ በየቦታው ትክክል ነው። ስለዚህ ዜድ ደህና ነው። ፊትና ኋላም ትክክል ነው፤ ዋይም ንጹሕ ነው። የተንሸራተተው ኤክስ ብቻ ነው። ፋይሉ ወይም ቦርዱ ቢሆን ኖሮ አንዱን አቅጣጫ ብቻ መርጦ የሚያጠፋበት ምክንያት የለም። በአሥር ደቂቃ ውስጥ የጥርጣሬዬ ግማሽ ወደቀ። ይህ ጣውላ ሁለት ሳምንት ሙሉ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር።

ቀጥሎ ትንሽ የፈተና ፋይል ጻፍኩ። ተሸካሚው ከዜሮ ተነስቶ 300 ሚሊ ሜትር ሄዶ ይመለሳል፤ ሃምሳ ጊዜ። መጨረሻ ላይ ዜሮ ላይ ይቆማል። ዜሮ ላይ ዳያል ኢንዲኬተር አቆምኩ። ይህ ባለመርፌ መለኪያ ነው፤ የሚሊ ሜትር መቶኛ ያሳያል። ፑንታ የለም፣ እንጨት የለም፣ የመቅረጫው ሞተር ጠፍቷል። ባዶ ጉዞ ነው።

በተጨማሪ አንድ ነገር አደረግሁ። ስቴፐር ሞተሩ ከባለጥርሱ ዘንግ ጋር የሚገናኘው ካፕለር በሚባል ትንሽ የአሉሚኒየም ቁራጭ ነው። ካፕለሩ በሁለቱም በኩል በትናንሽ ብሎኖች ይጠብቃል። በቀጭን ማርከር ከሞተሩ ዘንግ ጀምሬ፣ ካፕለሩን አቋርጬ፣ እስከ ረጅሙ ዘንግ ድረስ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አሰመርኩ።

ሃምሳው ጉዞ አለቀ። ዳያሉ 1.1 ሚሊ ሜትር አሳየ። ጎንበስ ብዬ መስመሩን አየሁ። ካፕለሩና ረጅሙ ዘንግ ላይ መስመሩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። በሞተሩ ዘንግና በካፕለሩ መካከል ግን ተሰብሯል። የሞተሩ ዘንግ ካፕለሩ ውስጥ እየተንሸራተተ ነበር።

ያቺን የተሰበረች የማርከር መስመር ሳይ የተሰማኝን ደስታ መግለጽ ይከብደኛል። አምስት ሳንቲ ሜትር የማትሞላ ጥቁር መስመር ናት። ማሽኑ ራሱ የማያውቀውን ነገር ነገረችኝ።

ብሎኖቹን ፈትቼ አየሁ። የሞተሩ ዘንግ በአንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ነው። ማጥበቂያ ብሎኑ ማረፍ ያለበት በዚያ ጠፍጣፋ ላይ ነው። የእኔው ክቡ ላይ ነበር ያረፈው። ክብ ላይ ያረፈ ብሎን ለጊዜው ይይዛል፤ ንዝረት ሲበዛበት ቀስ እያለ ይለቃል። ተሸካሚው ጫፍ ደርሶ በተመለሰ ቁጥር ዘንጉ ይገፋዋል፤ በእያንዳንዱ መመለስ ትንሽ ትንሽ ይሸሻል። ብሎኑን ወደ ጠፍጣፋው አዞርኩት። የብሎን ማጣበቂያ ጠብታ አደረግሁበት፤ ሲፈለግ በቁልፍ የሚፈታውን ዓይነት። ከዚያ አጠበቅሁት። ዋይና ዜድ ላይ ያሉትንም አየኋቸው። ዋይ ላይ አንዱ ላላ ብሎ ነበር።

ፈተናውን እንደገና አስኬድኩ። ዳያሉ ዜሮ ላይ ተመለሰ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ።

አዲስ ጣውላ ማሽኑ ላይ አሰርኩ። ወፏን እንደገና ጀመርኩ። አንድ ሰዓት ከግማሽ ላይ ቅርንጫፉ ላይ ቀጭን ደረጃ አየሁ። በጣት ስትነኩት ብቻ የሚታወቅ። ግማሽ ሚሊ ሜትር አትሞላም። ኤክስ ላይ።

ማሽኑን አጥፍቼ ወጣሁ። ብዙ ሰው የትርፍ ጊዜ ማሽኑን አንድ ጥግ ላይ አስቀምጦ ሸራ የሚያለብሰው እዚህ ደረጃ ላይ ነው ብዬ አስባለሁ። የመጀመሪያው ብልሽት አይደለም ተስፋ የሚያስቆርጠው። “አገኘሁት” ካላችሁ በኋላ የሚመጣው ሁለተኛው ነው። ያገኛችሁትን የመጀመሪያውን እንኳ ያስጠረጥራችኋል። እኔም “ካፕለሩ አልነበረም ማለት ነው” ብዬ ነበር። እሱ ግን ነበር። የማርከር መስመሯ አልዋሸችም። ሁለት ብልሽት በአንድ ላይ ነው የነበረው፤ ትልቁ ትንሹን ሸፍኖት ነበር።

በማግስቱ ተመለስኩና ለካሁ። በዚህ ጊዜ ፈተናውን አርዝሜ 400 ሚሊ ሜትር አደረግሁት። ውጤቱን ደብተር ላይ ጻፍኩ። አንዳንዱ ዙር ዜሮ ነው። አንዳንዱ አይደለም። ዜሮ ያልሆኑት እነዚህ ነበሩ፦ 0.33፣ 0.16፣ 0.49፣ 0.31፣ 0.16። የማርከሩ መስመር ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል። ካፕለሩ ንቅንቅ አላለም።

ቁጥሮቹን ትንሽ እዩልኝ። ሁሉም ወደ 0.16 ብዜት የሚጠጉ ናቸው። 0.16፣ ሁለት ጊዜው 0.32፣ ሦስት ጊዜው 0.48። ይህ በአጋጣሚ አይደለም። የስቴፐር ሞተሩ መሀል፣ ማለትም የሚዞረው ክፍል፣ ዙሪያውን 50 ጥርስ አለው። እርምጃ ሲጠፋበት የትም ቦታ ላይ አይቆምም። ተንሸራቶ የሚይዘው ቀጣዩ ጥርስ ላይ ነው። አንድ ጥርስ ማለት አራት ሙሉ እርምጃ ነው። ከ200 ውስጥ አራት፣ የዙሩ ሃምሳኛ ነው። 8 ሚሊ ሜትርን ለ50 ስታካፍሉት 0.16 ይመጣል።

ብሎን ላልቶ የሚንሸራተት ነገር የፈለገው ቦታ ላይ ይቆማል፤ እንዲህ ያለ ሥርዓት አይኖረውም። እነዚህ ቁጥሮች ግን “ሞተሩ ራሱ ነው እርምጃ የሳተው” እያሉ ነው። ዘንጉን፣ ዳዶውን፣ ኩሽኔታውን፣ ሐዲዱን ሳልፈታ ከተጠርጣሪነት አወጣኋቸው። አምስት ቁጥር አንድ ሳምንት ሙሉ ከመፍታትና ከመግጠም አዳነኝ።

ሞተር እርምጃ የሚስተው ለምንድን ነው? ጭነት ከበዛበት፣ ከአቅሙ በላይ ከተቻኮለ፣ አምፔር ካነሰው፣ ድራይቨሩ ሞቆ ራሱን እያጠፋ ከሆነ፣ ወይም ኤሌክትሪኩ መንገድ ላይ ከተቋረጠ። አንድ በአንድ ጠየቅሁት። ጭነት አይደለም፤ ባዶ ጉዞ ነው። ፍጥነቱን ሩብ አደረግሁት፤ አሁንም ይስታል። ፍጥነቱን መለስኩት። አምፔሩን በመልቲሜትር ለካሁ። የእኔ ድራይቨር ኤ4988 የሚባለው ነው። ላዩ ላይ በካቻቢቴ የምትዞር ትንሽ ማስተካከያ አለች፤ እዚያ የምታነቡት ቮልት የሞተሩን አምፔር ይወስናል። ባለ 0.1 ኦም ሬዚስተር ለሆነው ሰሌዳ 0.8 ቮልት ማለት 1 አምፔር ነው። ልክ ነበር። ሙቀት? ማሽኑ እንደተከፈተ በመጀመሪያው ደቂቃም ይስታል፤ ገና ሳይሞቅ። ሙቀት አይደለም።

ከዚያ ኤሌክትሪኩን አጥፍቼ የኤክስንና የዋይን ድራይቨር አቀያየርኩ። በነገራችን ላይ እነዚህን ሰሌዳዎች ገልብጣችሁ ከሰካችኋቸው ይቃጠላሉ፤ ከመንቀላችሁ በፊት ፎቶ አንሡ። ብልሽቱ ድራይቨሩን ተከትሎ ወደ ዋይ ቢሄድ ኖሮ ጥፋተኛው ድራይቨሩ ይሆን ነበር። አልሄደም። ኤክስ ላይ ቀረ። ከሁሉም የጥገና ዘዴ ይህን አብልጬ እወደዋለሁ። አዲስ ዕቃ አይጠይቅም፤ መልሱም ግልጽ ነው።

የቀረው ከቦርዱ እስከ ኤክስ ሞተር ያለው ገመድና ሞተሩ ራሱ ነው።

የጓደኛዬ ሦስተኛ ጥያቄ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። የት ቦታ ላይ? አጠገቡ ቁጭ ብዬ ጆሮዬን ወደ ሞተሩ አስጠግቼ አዳመጥኩ። ከብዙ ምልልስ በኋላ ሰማሁት። አጭር “ግርር” የሚል ድምፅ ነው፤ ከቅጽበት ያነሰ። ተሸካሚው ግራ ጫፍ ላይ ሊደርስ ሲል። ቀኝ ላይ የለም፤ መሀል ላይ የለም። 300 ሚሊ ሜትር ስፈትን ዜሮ ዜሮ ያለኝም ለዚህ ነበር። ተሸካሚው እዚያ ግራ ጫፍ ድረስ አይሄድም ነበር።

ግራ ጫፍ ላይ ምን አለ? የገመድ ሰንሰለቱ አለ። ገመዶቹ እንዳይጠላለፉ የሚሄዱበት ተጣጣፊ የፕላስቲክ መንገድ ነው። ተሸካሚው ወደ ግራ ሲሄድ የገመዱ አንድ ቦታ አጥብቆ ይታጠፋል። ቅርጹን የሚያለሰልሰው የማሽኑ የመጨረሻ ዙር የሚሠራው በመስመር ነው፤ ግራና ቀኝ እየተመላለሰ፣ በየመስመሩ 0.3 ሚሊ ሜትር እየተጠጋ። 300 ሚሊ ሜትር ቁመት ላለው ጣውላ 1000 መስመር ነው። ስለዚህ ገመዱ በአንድ ወፍ ብቻ 500 ጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ይታጠፋል። ይህ ማሽን ደግሞ ከዚያ በፊት ብዙ ነገር ቀርጿል።

ኤሌክትሪኩን አጠፋሁ። የሞተሩን ገመድ ከቦርዱ በኩል ነቀልኩ። ስቴፐር ሞተር አራት ገመድ አለው፤ ሁለት ሁለት ሆነው ሁለት ጥቅልል ናቸው። የትኞቹ ጥንድ እንደሆኑ ካላወቃችሁ ሁለቱን አገናኙና ዘንጉን በእጃችሁ አዙሩት። ከበዳችሁ ጥንድ ናቸው። የመጀመሪያውን ጥንድ ለካሁ፤ ሁለት ኦም ተኩል። ተሸካሚውን በእጄ በጣም ቀስ አድርጌ ከቀኝ ወደ ግራ ገፋሁት። ሞተሩ በእጅ ሲዞር ራሱ ትንሽ ኤሌክትሪክ ስለሚያመነጭ ቁጥሩ ይዘላል፤ ስለዚህ እየገፋሁ እየቆምኩ ነው ያነበብኩት። ሁለት ተኩል። ሁለት ተኩል። ሁለተኛውን ጥንድ ያዝኩ። ሁለት ተኩል፣ ሁለት ተኩል፤ ግራ ጫፍ ስደርስ መለኪያው ባዶ አሳየ። ትንሽ ወደ ቀኝ ስመልሰው ሁለት ተኩል። ግራ፣ ባዶ። ቀኝ፣ ሁለት ተኩል።

አሥር ጊዜ ያህል መላልሼ አየሁት። ማመን ፈልጌ አይደለም። ማየቱ ደስ አለኝ።

ገመዱን አውጥቼ በምላጭ ሰነጠቅሁት። ከውጭ ፕላስቲኩ ንጹሕ ነው፤ ጭረት እንኳ የለውም። ውስጡ ያሉት ጥቂት ወፋፍራም የመዳብ ክሮች አንድ ቦታ ላይ ሁሉም ተሰብረዋል። ገመዱ ቀጥ ሲል ጫፎቹ ይነካካሉ፤ ኤሌክትሪክ ያልፋል። ሲታጠፍ ይለያያሉ። በዚያች ቅጽበት ሞተሩ በአንድ ጥቅልል ብቻ ይቀራል፤ በአንድ ጥቅልል ደግሞ ወዴት እንደሚዞር አያውቅም። ያጉረመርማል፣ ጥርስ ይስታል። ቦርዱ ምት መቁጠሩን ይቀጥላል።

በአዲስ ገመድ ተካሁት። በጣም ቀጫጭን ብዙ ክሮች ያሉት፣ ለሚታጠፍ ነገር የተሠራ ገመድ ነው። አንድ ነገር ልጨምር። የተሰበረውን ቦታ ብቻ ቆርጣችሁ በሊድ ለመበየድ ታስቡ ይሆናል። ሰንሰለቱ ውስጥ አታድርጉት። ሊድ ወደ ክሮቹ መካከል ዘልቆ ገመዱን ያደርቀዋል፤ የሚቀጥለው ስብራት ከብየዳው አጠገብ ይሆናል። ሙሉውን ገመድ ቀይሩ። በሰንሰለቱ ሁለት ጫፍም እንዳይጎተት እሰሩት፤ መታጠፉን ሰንሰለቱ ብቻ ይሸከም።

ፈተናውን መቶ ጊዜ አስኬድኩት፤ 400 ሚሊ ሜትር ሄዶ መመለስ። 80 ሜትር ጉዞ ማለት ነው። ዳያሉ 0.01 አሳየ። አንድ መቶኛ በእኔ ማሽን ላይ ምንም ማለት አይደለም። ያም ሆኖ ደብተሩ ላይ ጻፍኩት፤ ቀኑንም ጭምር።

ደብተሩ አሁን የማሽኑ አካል ሆኗል። በየሥራው መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ዜሮውን እለካለሁ። ጣውላው ጠርዝ ላይ፣ በኋላ በሚቆረጠው ክፍል፣ ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎችን አስቀድሜ እበሳለሁ። ሥራው መሀል ላይ ቢቋረጥ ፑንታውን ቀዳዳዎቹ ላይ አድርሼ ቦታዬን መልሼ አገኛለሁ። ቦርዱ ያጣውን ዓይን በዚህ መንገድ እኔ ልሰጠው እሞክራለሁ።

በመሀል አንድ ነገር ሳልል እንዳላልፍ። በእነዚያ ሳምንታት አጠገቡ ብዙ ስለቆየሁ አቧራውን በቁም ነገር ያዝኩት። የእንጨት አቧራ ካንሰር እንደሚያመጣ በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1995 ከተረጋገጡት ምድብ ውስጥ ገብቷል። ሰጋቱራው አይደለም የሚያሳስበው፤ የማይታየው ደቃቁ ነው። ጭምብል አድርጉ። ማሽኑንም ብቻውን ትታችሁ ከቤት አትውጡ። ፑንታ አንድ ቦታ ላይ ተቀርቅሮ ሲሽከረከር እንጨት ያቃጥላል፤ መምጠጫው ደግሞ ፍሙን ወደ አቧራው ይወስደዋል።

ሦስተኛውን ጣውላ ባለፈው እሁድ ማሽኑ ላይ አሰርኩ። ጓደኛዬም መጣች። የልስላሴው ሥራ አራት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ተራ በተራ አጠገቡ ተቀመጥን። ግራ ጫፍ ሲደርስ ሁለታችንም ዝም እንላለን። አይጮኽም። ይመለሳል።

ክንፉ ላይ ሲደርስ ተነስቼ ቆምኩ። የመጀመሪያው ላባ ወጣ፤ ሁለተኛው ወጣ። መስመር በመስመር፣ ከሰውነቷ ጋር እንደተያያዘ። ጓደኛዬ በጣቷ ክንፉና ትከሻው የሚገናኙበትን ቦታ ዳሰሰችው፤ ሥራው ካለቀና ሞተሩ ከቆመ በኋላ። “ደረጃ የለውም” አለችኝ። ዳያሉን ጠጋ አድርጌ ዜሮውን ለካሁ፤ 0.02። ደብተሩ ላይ ጻፍኩት።

የመጀመሪያዋን ወፍ፣ ክንፏ የሸሸውን፣ አልጣልኳትም። ከማሽኑ በላይ ግድግዳው ላይ ሰቅያታለሁ። አሁን የቀረኝ አዲሱን ጣውላ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስና ዘይት መቀባት ነው። የእህቴ ልጅ የወፏን ዓይን ምን ቀለም እንደማደርገው በየቀኑ እየደወለ ይጠይቀኛል።